ከክልላችን ልጆች በታሪክ ማን ይበልጣል? የሁሩሙው ልጅ የሂካ ታሪክ



ባለፈው ሰሞን ከእሁድ አምልኮ በኋላ ወጣቶቻችን ሻይ እየጠጡ አንድ ክርክር ጀመሩ። እያንዳንዱ የተወለደበትን ክልል ይጠራል፣ ከዚያ ክልል ከተወለዱት ሰዎች ሁሉ በታሪክ ውስጥ ትልቁን ስፍራ የያዘው ማን እንደሆነ ይናገራል፣ ሌሎቹ ደግሞ ይሞግቱታል። ሌሎቹ ክልሎች ቶሎ ቶሎ አለፉ። ኦሮሚያ ላይ ሲደርሱ ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተሟገቱ።

አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ጠራ። አንዲት እህት ወዲያው ተነሥታ እሳቸው የሸዋ ቤተ መንግሥት ሰው ናቸው፣ ከእኛ ክልል ጋር ምን አገናኛቸው አለችው። ልጁ ግን ተዘጋጅቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1892 የተወለዱት ሐረርጌ ውስጥ ኤጀርሳ ጎሮ ነው፣ ኤጀርሳ ጎሮ ደግሞ ዛሬ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) ሌላው ከአርሲ በቆጂ ተነሥታ በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችውን ደራርቱ ቱሉን አነሣ። ከአምቦ የመጣው ልጅ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ካልሆነ አልሰማም አለ። አንዷ ደግሞ በ1979 በደርግ ዘመን የተገደሉትን የቦጂውን ልጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ጠርታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናንተስ ብትሆኑ ማንን ትጠሩ ነበር?

በመጨረሻ ፓስተር ይፍረዱን ተባለ። እኔም የዚያው ክልል ልጅ ስለሆንኩ ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም። የጠራሁት ስም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ወጣቶች ስሙን ሰምተው የሚያውቁት ሦስት ብቻ ሆኑ። አንዱ አይራ ያለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት መጠሪያ መሆኑን ያውቃል። አንዷ የግሪክ ሰው መስሏት ነበር። ሦስተኛው አያቱ ቤት በድሮ መጽሐፍ ላይ አይቶታል። እነዚህ ልጆች በወንጌል ቤት ተወልደው በወንጌል ቤት ያደጉ ናቸው። ጥፋቱ የእነርሱ ነው ለማለት አልደፈርኩም። እኛ ሰባኪዎች የሙዲንና የስፐርጀንን ታሪክ ከመድረክ ደጋግመን እንተርካለን፣ የራሳችንን አባቶችና እናቶች ግን ለታሪክ ተመራማሪዎች ትተናቸዋል። ስለዚህ ፍርዴን በጽሑፍ አቀርባለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ልጁ የተወለደው በ1856 አካባቢ በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ ነው። ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ስሙ የተገኘበት ግሥ ደግሞ ሁለት ነገር ይሸከማል። የታሰረን መፍታትም ነው፣ የንግግርን ትርጉም መፍታትም ነው። በአማርኛም ቢሆን እኮ እስረኛም ይፈታል፣ ሕልምም ይፈታል። ይህን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሂካ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። በ1869 ደግሞ የባሪያ ነጋዴዎች እጅ ገባ። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ነበረው። እናቱን የሚያውቅ፣ መንደሩን የሚያውቅ፣ የሚሆንበትን ሁሉ የሚረዳ ልጅ ነው እንግዲህ የተወሰደው። ከዚያ በኋላ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ ስምንት ባለቤቶች ተፈራረቁበት። ስምንት ጊዜ ዋጋ ተተምኖለት፣ ስምንት ጊዜ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ፣ ከኢሉባቦር ጫካ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ምጽዋ ድረስ ተነዳ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ በክልላቸው ለሚኮሩ ወጣቶቼ አንድ ነገር ማሳሰብ እፈልጋለሁ። በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ የሚያካሂዱት ሥራ አልነበረም። ከየአገሩ የሚያፍን፣ የሚጠቁም፣ የሚያሻግር፣ ቀረጥ የሚቀበል ሰው ነበረ፣ የቋንቋው ተናጋሪም ይሁን የጎረቤት አገር ሰው። ሂካን የመሰሉ ልጆች ከቤታቸው የወጡት በገዛ አገራቸው መንገድ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ተመልከቱ። በ1866 ከስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የተላኩ የመጀመሪያዎቹ ሚስዮናውያን ምጽዋ ደርሰው ነበር። የመጡበት ዋና ዓላማ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ የደከመው ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ነበር ልባቸውን ወደዚያ ያዘነበለው። ግን መንገዱ ሁሉ ተዘጋባቸው። በኩናማ ምድር ለመሥራት ሞክረው በበሽታና በግድያ ወንድሞቻቸውን ቀበሩ፣ የተረፉትም ተስፋ በሚያስቆርጥ ሁኔታ ወደ ምጽዋ ተመለሱ። ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት የቻለ አንድም አልነበረም።

በ1870 ታዲያ በምጽዋ የነበረው ስዊዛዊው ቬርነር ሙንዚንገር አንድ የኦሮሞ ልጅ ከባርነት ነጻ አውጥቶ በእነዚሁ ሚስዮናውያን ዘንድ እንዲማር አደረገ። እነርሱ ሊደርሱበት ያልቻሉት አገር ልጅ በእግሩ ተነድቶ በራቸው ላይ ደረሰ ማለት ነው። ሙንዚንገርን የአገራችን ታሪክ በመልካም አያነሣውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለግብፅ ሆኖ ከረንን የያዘው፣ በ1875 ደግሞ አውሳ ላይ የተገደለው እርሱ ነው። ያም ሆኖ ሂካን የፈታው እርሱ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። እግዚአብሔር በማን እጅ እንደሚሠራ እኛ አንመርጥለትም።

በምጽዋ በነበረው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ልጁ ፈጥኖ ተማረ። በ1872 በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ መጋቢት 31 ቀን ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ በጳውሎስ የፊልሞና መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ ስም መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ትርጉሙም ጠቃሚ ማለት ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ጳውሎስ ያን ኦኔሲሞስን ወደ ጌታው መልሶ ላከው። የእኛው ኦኔሲሞስ ሊመለስ የሚፈልገው ወደ እናቱ አገር ነበር፣ ለመመለስም ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ፈጀበት።

ከዚህ በኋላ አንቱ ብላቸው ደስ ይለኛል።

ኦኔሲሞስ በ1876 ወደ ስዊድን ሄደው በስቶክሆልም አጠገብ በዮሃነሉንድ የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ሲመለሱ ምሕረት ኃይሉን አገቡና ወዲያው ጉዞ ጀመሩ። በመሐል አገር በኩል ለውጭ ሚስዮናውያን መንገዱ የተከለከለ ስለነበር ሱዳንን ዞረው፣ በጥቁር ዓባይ በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት አሰቡ። እስከ ቤኒ ሻንጉል አካባቢ ደረሱ። ትንሽ ነበር የቀራቸው። በዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ፋማካ በምትባል ስፍራ ንዳድ ጣላቸው፣ ታመው ወደ ካርቱም ተመለሱ። ካርቱም የገቡት ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ነበር፣ የመህዲስቶች ዓመፅ ሱዳንን ማናወጥ በጀመረበት ጊዜ። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ ወዳለው ወደ እምኩሉ።

በ1880ዎቹ አጋማሽ እንደገና ሞከሩ፣ በዚህ ጊዜ በሸዋ በኩል። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ግን እንዲያልፉ አልፈቀዱም። እንደገና ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

ወገኖቼ፣ እስቲ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። ሠላሳ ዓመት ሆኗችኋል። አውሮፓ ተምራችኋል። የተጠራችሁበትን ሥራ ታውቃላችሁ፣ ሥራው የሚሠራበት አገር ግን ሁለት ጊዜ በሩን ዘግቶባችኋል። ብዙዎቻችን እንዲህ ሲሆን የጌታ ፈቃድ አልነበረም ብለን ሌላ አገልግሎት እንፈልጋለን። ኦኔሲሞስ ግን ገና ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ አንድ ነገር ጀምረው ነበር። በኦሮምኛ መተርጎም። እሳቸው መግባት ካልቻሉ ቃሉ ይግባ። ሂካ የሚለው ስም እዚህ ጋ ነው ሥራ የጀመረው።

መጀመሪያ መዝሙሮችን ተረጎሙ። ከዚያ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ለመተርጎም ተነሡ። ይህን ሥራ የሞከሩት እሳቸው ብቻ አልነበሩም፣ በክራፍ አማካይነት አዲስ ኪዳን በሸዋ ኦሮምኛ በ1870ዎቹ ታትሞ ነበር። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ግን ማንም አላደረሰውም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ችግር ገጠማቸው፣ እኔም የታሪኩን እምብርት የማገኘው እዚሁ ነው። ቋንቋው አነሳቸው። በአሥራ ሦስት ዓመት ከመንደሩ የተወሰደ ልጅ የሚያውቀው ኦሮምኛ የልጅ ኦሮምኛ ነው። የእናትን ጥሪ፣ የከብቱን ስም፣ የጨዋታውን ቃል ያውቃል። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ የሚናገሩትን ግን ገና አልሰማም። ሴቶች ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ የሚሉትን አላጠናም። ምሳሌ፣ ቃል ኪዳን፣ ጽድቅ፣ ማስተስረይ የሚሉትን ነገሮች በምን ቃል ይናገሯቸው? ኢዮብን በልጅ ቋንቋ መተርጎም ይቻላል? አጋዥ ሠራተኞች ይሰጥዎታል ተብለው የነበረውም ቃል አልተፈጸመላቸውም።

በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ የምትወሰድ ጀልባ ያዙ። ከተፈቱት መካከል አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆናት አስቴር ጋኖ ነበረች። አገሯ በሊሙ እናርያ ወገን ነው፣ ባሪያ ያደረጋትም የሊሙ እናርያ ንጉሥ ነበር። ነጻ የወጡትን ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ወሰዷቸው። ኦኔሲሞስ ወዲያው አንድ ነገር አስተዋሉ። ይህች ልጅ የቋንቋ ጎተራ ናት። አንደበቷ አልተነካም፣ ጆሮዋ የሰማውን ሁሉ ይዟል።

አስቴር ተቀምጣ ቃላት መሰብሰብ ጀመረች። የሰበሰበቻቸው የኦሮምኛ ቃላት 15,000 ያህል ደረሱ። ይህ ዛሬ ኮምፒዩተር ይዞ ለሚሠራ የቋንቋ ክፍል እንኳ ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚያም በቃሏ የምታውቃቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጻፈች፣ ከ500 በላይ። ከእነዚህ ውስጥ 79ኙ በ1894 በወጣው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ታትመዋል። ይህን ሁሉ ያደረገችው ከባሪያ ጀልባ ላይ ወርዳ ዐሥር ዓመት ሳይሞላት ነው።

ኦኔሲሞስ የጎደላቸውን ቃል የሚያገኙት አሁን ከእርሷ መዝገብ ነው። አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ላይ ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ በሳንክት ክሪሾና ታትሞ ወጣ። መጫፋ ቁልቁሉ። የተጻፈው በእኛው በግዕዝ ፊደል ነበር፣ በላቲን ፊደል መጻፍ በስፋት የመጣው ከ1991 ወዲህ ነው። እግዚአብሔርን የሚጠሩት ዋቀዮ ብለው ነው፣ ሕዝቡ ከጥንት ሲጠራው በኖረው ስም። የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝምና ለልጆች የተዘጋጀ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክም ኦኔሲሞስ ወደ ኦሮምኛ መልሰዋል።

በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ በተርጓሚነት የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ልማድ ይሆናል፣ ሆኖም ልማድ መሆኑ ትክክል አያደርገውም።

እንግዲህ አስቡት፣ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኦሮሞ ምድር ላይ አልተሠራም። ያዘጋጁት ሁለት የተሸጡ ልጆች ናቸው፣ ቤታቸው ከነበረበት እጅግ ርቀው፣ በኤርትራ ጠረፍ፣ በስዊድናውያን ጣሪያ ሥር። መጽሐፉን ይዘው ወለጋ ቀድመው የገቡትም እነርሱ አልነበሩም። ከኤርትራ ደጋ የተነሡት ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ ቦጂ ደርሰው ማስተማር የጀመሩት። ኦሮምኛ የእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። በ1905 በእሳት አደጋ ሞቱና እዚያው ቀሩ። ስለዚህ ክርክራችን በክልል አጥር ውስጥ እንዲቆይ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ታሪክ አይመቻችሁም።

በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወለጋ ገቡ። ኦኔሲሞስ አገሩን ከለቀቁ 35 ዓመት ሆኗል። አርባ ስምንት ዓመት ገደማቸው ነው። የሰፈሩት ሁሩሙ አይደለም፣ ቦጂ ቆይተው ነቀምቴ ነው። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ደጃዝማቹ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩ፣ ግን ሕዝባቸው ፊደል እንዲቆጥር ፈለጉ። ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስቴር ሴቶች ልጆችን አስተማረች። በነቀምቴ ሰዎች አባ ገመቺስ የሚሏቸው ኦኔሲሞስ ደግሞ በሕዝቡ ቋንቋ ሰበኩ።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። በአካባቢው የነበሩት ካህናት ኦሮምኛ አይናገሩም ነበር። ሕዝቡ የሚሰማውን ወደሚረዳበት መሄድ ሲጀምር ቅሬታ ተነሣ፣ በ1906 ኦኔሲሞስ ማርያምን ሰድበዋል የሚል ክስ ቀረበባቸውና ወደ አዲስ አበባ ተጠሩ። አቡነ ማቴዎስ ከአገር እንዲወጡ ፈረዱባቸው። እንግዲህ ከ35 ዓመት በኋላ ቤታቸው የገቡ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ሊባረሩ ነው። አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ሻሩት። ከሃያ ዓመት በፊት እንዳያልፉ የከለከሏቸው እሳቸው ናቸው፣ አሁን ደግሞ ነቀምቴ ተመልሰው እንዲኖሩ የፈቀዱላቸው እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ከለከሏቸው። እንዳይሰብኩ።

(ይህን የምጽፈው በኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ላይ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የከሰሷቸውም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ያስጠለሏቸው ደጃዝማችም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ፍርዱን የሻሩት ንጉሥም ኦርቶዶክስ ናቸው።)

ሰባኪ እንዳይሰብክ ሲከለከል ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ሁልጊዜ አፍራለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ማይክሮፎን ሲቋረጥብኝ እንኳ ነገሩ ሁሉ የተበላሸ ይመስለኛል። ኦኔሲሞስ ዓመታት ያህል ፊደል አስተማሩ። ሀ ሁ። ልጆች መጡ፣ ማንበብ ቻሉ፣ የሚያነቡት መጽሐፍ ደግሞ በቋንቋቸው የተጻፈ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነበር። አስተማሪው ዝም ቢሉም መጽሐፉ በየቤቱ ይነበባል። ማንበብ የቻለ ልጅ ማታ እሳት ዳር ማንበብ ለማይችሉት ያነባል። እገዳው የወጣው የሰባኪውን አፍ ለመዝጋት ነበር፣ በትምህርት ቤቱ ግን ብዙ አፍ ተከፈተ። ከአገር የመባረር ሥጋት ግን ከራሳቸው ላይ አልተነሣም ነበር። በማንኛውም ቀን ሌላ ክስ ሊመጣ ይችላል።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ራሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ወረዱ፣ ፈቃዱ ግን አልተሻረም። ስድሳ ዓመት የሆናቸው ኦኔሲሞስ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሰበኩ፣ አስተማሩ፣ መጽሐፉን አከፋፈሉ። ሰኔ 21 ቀን 1931 እሁድ ዕለት ነቀምቴ ላይ ዐረፉ።

ያ ወር ለኢትዮጵያ ሌላም ነገር ነበረው። ኃይለ ሥላሴ፣ የወጣቶቻችን የመጀመሪያ ተወዳዳሪ፣ ዘውድ ከጫኑ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ኦኔሲሞስ ከተቀበሩ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1931 ንጉሠ ነገሥቱ ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ እንደነበር አያጠራጥርም። በነቀምቴ የሞቱት ሽማግሌ መምህር ለቤተ መንግሥቱ ወሬ አልነበሩም።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። የኃይለ ሥላሴን ነገር አቅልዬ አላይም። በ1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው ለአገራቸው የተናገሩት፣ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ እንዲመሠረት የደከሙት ዓለም የመሰከረለት ነው። ልጁ ያቀረበው ሙግት ጠንካራ ነው። ግን የ1931ዱ ሕገ መንግሥት በ1955 ተለወጠ፣ ያም በ1974 ከዙፋኑ ጋር ወደቀ። ደራርቱ የሮጠችው ሩጫ ለአፍሪካ ሴቶች በር ከፍቷል፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ናትና። ጸጋዬን ያላነበበ ደግሞ አማርኛ ምን ያህል እንደሚችል አያውቅም። ሁሉም በየቦታቸው ታላላቅ ናቸው።

እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አንዱ ባይወለድ ኖሮ ያለ እርሱ ሊሆን የማይችለው የማን ሥራ ነው? ቄስ ጉዲናን ውሰዱ። እህታችን እንባ እያቀረረች ስማቸውን ስትጠራ ልክ ነበረች። ግን ጉዲና በ1929 ሲወለዱ የተወለዱበት ቦጂ በኦሮምኛ የሚነበብ መጽሐፍ ቅዱስ ከገባበት ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ ስትቋቋም ከዋነኞቹ ምሰሶዎቿ አንዱ የወለጋው ምእመን ነበር። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን አሏት። እነዚያ ሰዎች የተሰበሰቡት መጀመሪያ መጽሐፉን በእናታቸው ቋንቋ ስላገኙ ነው። ኦሮምኛን በጽሑፍ ለማየት የሚፈልግ ማንኛውም ሰው፣ አማኝ ሆነም አልሆነ፣ ወደ እምኩሉው ክፍል መመለሱ አይቀርም።

ስለዚህ ፍርዴ ሂካ ነው ብዬ ልዘጋው አስቤ ነበር። ጽሑፉን ጀምሬ መሐል ስደርስ ግን እጄ ተያዘ። በራሴው መመዘኛ ብሄድ አስቴር ጋኖ ባትኖር መጽሐፉ ይህን መልክ ይዞ አይወጣም ነበር። ቃሉ የእርሷ ነው፣ ለዛው የእርሷ ነው። እርሷም እንደ እርሱ በዛሬው ኦሮሚያ የተወለደች፣ እርሷም የተሸጠች፣ እርሷም የተፈታችና የፈታች። ኦኔሲሞስ በ1931 ካለፉ በኋላም ሠላሳ ዓመት በላይ ኖራ በ1964 ነው ያረፈችው። መካነ ኢየሱስ ስትቋቋም በሕይወት ነበረች። ከዘጠና ዓመት በላይ ዕድሜ! ከአሥራ ሁለቱ ወጣቶቼ ስሟን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። እኔ ራሴም ስለ እርሷ የሰማሁት የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅን ጨርሼ ስወጣ ነው።

ፍርዴን ስለዚህ ለሁለቱ ሰጠሁ። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለዚያ የኃይለ ሥላሴ ጠበቃ ለሆነው ወንድማችን አስነበብኩት። አንብቦ ሲጨርስ የጨዋታው ሕግ አንድ ስም ብቻ ነው የሚለው፣ ሁለት መጥራት አይቻልም ብሎ ተቃወመኝ። የ1899ኙ መጽሐፍ የፊት ገጽም አንድ ስም ብቻ ነው የያዘው አልኩት። እስካሁን አልተስማማንም።